ከገንዳው የተመለሰችው ወንበር

«ኧረ እዚያች ላይ አይቀመጡ፣ እሷ ወደ ኋላ ትጥላለች» እያለች የሐዘንተኛዋ ታናሽ እህት ተንደረደረች፤ ግን አልደረሰችም። ለቅሶ ሊደርሱ የገቡት ሽማግሌ ከነባርኔጣቸው ተንጋለው ከግድግዳው ጋር ተላተሙ። ግድግዳው ባይኖር ሐዘኑ ሁለት ይሆን ነበር። ጥግ ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች ሳቃቸውን በመሀረብ አፈኑ።

የሟች ሚስት አልሳቀችም። ወንበሯ የራሷ ናት፤ ጎጆ ሲወጡ ከገዟቸው አራት ወንበሮች አንዷ። ከቤት ስትወጣ ደህና ነበረች። እነዚያ የገንዳ ሰዎች ናቸው ሁለት ዓመት ሲያንገላቷት ከርመው፣ ለለቅሶው መቀመጫ ሲያጥር የኋላ እግሮቿን ጎርደው የመለሱላት። ባሏም ቢሆን ጠዋት ደህና ወጥቶ ነው በሰው ሸክም የተመለሰው። ልቡ ቀጥ ያለችው እዚያው፣ ጠብታ ውሃ በሌለበት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። የመጨረሻ ቃሉን የሰማችውም እሷ አይደለችም። የዋና አሰልጣኟ ናት።

ቆሽቷን ያሳረረው ይሄ ነው። ሞቱንስ እሺ፣ ሞት የማይገባበት ቤት የለም። ዕድሜ ልኳን አብራው የኖረች ሚስት እያለች ስንብቱን ሌላ ሴት ትውሰደው? መጠየቅ ደግሞ ከሞት አይሻልም። የገዛ ባልን የመጨረሻ ቃል ከሌላ ሴት አፍ መለመን፣ ከዚያስ አፈር ትብላ።

አሰልጣኟ በየቀኑ ትመጣለች። ረጅም ናት፤ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ አረማመዷ የወጣት። ትገባና በሩ አጠገብ ትቆማለች። ያቺ ወንበር ባዶ ብትሆንም አትቀመጥም፤ ከፔርሙዝ ቡና ሲቀዳላት ቆማ ትጠጣለች። የሚመጣው ሰው ሁሉ ዓይን የለው ይመስል መጀመሪያ እሷን ያቅፋል። «እግዜር ያጽናሽ፣ ካፒቴን እኮ ያላንቺ ምንም አልነበረም» ይላታል።

ካፒቴን የሚሉት ባሏን ነው። ፀጉር አስተካካይ ነበር። ዋና የሚባል ነገር አያውቅም፤ ስሙን ያወጡለትም ለዚሁ ነው።

«አየሻት እንባዋን?» አለች ሐዘንተኛዋ ወደ እህቷ ጆሮ ጠጋ ብላ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ባል የሞተባት እሷ ናት እኔ?»

«እታለም፣ ተይ እንጂ። ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ሰው የማያውቀው ምን አለና።»

ገንዳው ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ነው። «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለበት፤ ቆይቶ ጥገናው ቀረና አፈር ተሞልቶ መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው ተባለ። ባሏ ያን ዕለት ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። «ሰው በተቀመጠበት ጉድጓድ አፈር አይደፉም» አለ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ደንበኞቹን፣ አሰልጣኟንና የዚያን ሰፈር ሰው ሰብስቦ በደረቁ ገንዳ ወለል ላይ ወንበር ዘርግቶ መቀመጥ ሥራው ሆነ። አፈር የጫነው መኪና ይመጣል፣ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ይነፋል፣ ይመለሳል።

መጀመሪያ ቀን ሁለት ወንበር ተሸክሞ ሲወጣ በር ላይ ቆመችበት።

«አንዱ ላንተ። ሌላው ለማን ነው?»

«መጥተሽ እዪዋ» አላት እየሳቀ።

«ይሄን ጉልበቴን ይዤ ጉድጓድ ልውረድ? አብራህ የምትዋኝ አግኝተህ የለ።»

«አንቺ ሴት፣ ውሃ እኮ የለውም።»

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ እሰማ ነበር። አንተን ግን ሳይኖርም ወሰደህ።»

ድሮ እሷም እዚያ ትዋኝ ነበር። ፀጉሯን እያራገፈች ከገንዳው ስትወጣ ነው ያያት። «ተንጠባጥበሽ ነው ያገኘሁሽ፣ እኔ ነኝ ያደረቅኩሽ» እያለ ሲያበሽቃት ኖሯል። አሁን ጉልበቷ ከድቷታል፣ ወገቧ ሰፍቷል፤ የምትዋኘው ሌላ ናት። እሑድ እሑድ እሱ ሲወጣ በመስኮት ታየዋለች፣ ሲመለስ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። አንድም ቀን ሄዳ አላየችም።

በለቅሶው የመጨረሻ ቀን፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ አሰልጣኟ ከበሩ ለቅቃ ቀረበች።

«እትዬ፣ ነገ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ገንዳውን ሊያዩ ይመጣሉ። ይከፈት ወይ ይደፈን የሚሉት ነገ ነው። የካፒቴን ቦታ ባዶ እንዳይሆን ከዚያ የመጡትን ሁለቱን ወንበሮች ልወስድ ነበር። እርስዎም ቢመጡልን...»

«ውሰጃቸው። ባልየውን ወስደሽ የለ? ወንበር ምን ይከብድሻል።»

እህቷ ስኒዋን እንደያዘች ቀረች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ። ይሄን ሁሉ ቀን እንደ ዘበኛ በሬ ላይ መገተር ምን የሚሉት ነው? ወንበር ሞልቶ።»

«እዚያች ላይ አልቀመጥም።»

«ለምን? እግሯን የቆረጣችሁት እናንተ አይደላችሁ?»

«የእርስዎ ናታ» አለች አሰልጣኟ። «ካፒቴን ማንንም አያስቀምጥባትም። አንድ እሑድ እግሬ ዝሎ ዐረፍ ብል፣ "ተነሽ፣ ባለቤት አላት" ብሎ በሰው ፊት አስነሣኝ። ሁልጊዜ ከጎኑ ባዶዋን ናት። "ዛሬ ትመጣለች" ይለናል በየሳምንቱ። እኛማ እንስቅበት ነበር፤ ሚስትም የለው፣ ፈጥሮ ነው እንል ነበር።»

ሐዘንተኛዋ ስትሸሸው የከረመችው ጥያቄ ሳታስበው አመለጣት። «ሲሞት ምን አለ?»

አሰልጣኟ አቀረቀረች። «ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ደረቱን ያዘና "ዝናብ ሊመጣ ነው፣ የእሷን ወንበር አስገቡልኝ" አለ። ሌላ ምንም አላለም። የወንበር ነገር ለሐዘንተኛ እንዴት ይነገራል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

በማግሥቱ ከነጥቁር ልብሷ፣ በእህቷ ክንድ ተደግፋ የገንዳውን ደረጃ ወረደች። ወለሉ ወደ ጥልቁ በኩል ያዘቀዝቃል። የተቀመጠው ሰው ሁሉ አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ እንደሚሆነው ወደ ፊት ደፋ ብሏል። አሰልጣኟ ሁለቱን ወንበሮች በቦታቸው ጎን ለጎን አስቀመጠችና ራቅ ብላ ቆመች።

ሐዘንተኛዋ በራሷ ወንበር ላይ፣ እንዳትጥላት ፈርታ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ወንበሯ አልጣለቻትም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እሷ ብቻ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ጎንበስ ብላ የኋላ እግሮቹን ደባበሰች። አቆራረጡ ጎርበጥባጣ ነው፤ ከመቀስ በቀር ምንም ይዞ የማያውቅ እጅ ሥራ። ለቁልቁለቱ ለክቶ፣ ለጉልበቷ ብሎ ነው የቆረጣት። የእሱ ወንበር ግን እግሮቿ ሙሉ ናቸው፤ እንደ ሌሎቹ ወደ ፊት ደፍታለች። ይሄን ሁሉ ጊዜ እንደዚያ ተደፍቶ ነው የጠበቃት።

ከላይ ከገንዳው ጠርዝ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ተደርድረው ቁልቁል ያያሉ። አንደኛው ጣቱን ቀሰረ። «ያቺ ባዶዋ የማን ናት?»

«ተይዛለች» አለች።

ከዚያ አጎንብሳ ጫማዋን አወለቀች፤ አንዱን ካንደኛው የፊት እግር፣ ሌላውን ከሌላኛው ሥር ሰክታ የባሏን ወንበር አቀናችው።