የድንጋይ እርሾ

ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ ከሸምሲያ የቅመማ ቅመም ሱቅ ጓሮ ባሕር አለ ቢባል ማን ያምናል? ጎጃምን ዓባይ ዞሯት ይሄዳል እንጂ ባሕር ደጇን ረግጦ አያውቅም። የሸምሲያ ልጅ ረውዳ ግን ባሕር ልትሠራ ተነሣች። ያውም ባሕር በዓይኗ አይታ ሳታውቅ።

የነገሩ መነሻ አጎቷ አብዱልቃኒ ነው። የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነው። በመጣ ቁጥር እህቱ ሱቅ ጆንያ ላይ ይቀመጥና ስለ ባሕር ያወራል። «ማዶው አይታይም። ውኃው ደግሞ እንደ ሰው ይተነፍሳል» ይላል። ረውዳ ገና ከልጅነቷ «ውሰደኝ» ትለዋለች፤ እሱም «በሚቀጥለው» ይላታል። «የሚቀጥለው» ግን እንደ ሰነፍ ተማሪ ሁልጊዜ ቀሪ ነው።

አንድ ቀን መረራትና፣ «እኔን ወደ ባሕሩ ካልወሰድከኝ ባሕሩን ወደኔ አምጣዋ» አለችው።

«ምን ላይ ላስቀምጥልሽ? ድስት ላይ?»

«አንተ ውኃውን አምጣ። ማስቀመጫው የኔ ጣጣ ነው።»

አብዱልቃኒ በነገር ሲነኩት እልኸኛ ነው። በሚቀጥለው ጉዞው የባሕር ውኃ የሞሉ ቢጫ ጀሪካኖች ከጭነቱ ሥር ወሽቆ መጣ። ሱቁ በር ላይ ደርድሯቸው ሲያበቃ ጣቱን ቀሰረባት።

«ስሚ፤ ባሕርሽ ቆሞ ካየሁ ዓሣ አመጣልሻለሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ጉዞ ደርሼ እስክመለስ ዓሦቹን በሕይወት ካቆየሽልኝ፣ ወላሂ ከጎኔ አስቀምጬ ጂቡቲ እወስድሻለሁ። ከሞቱ ግን ‹ውሰደኝ› የምትል ቃል ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳልሰማ።»

«እማዬ ምስክሬ ናት!»

«እኔ የማንም ምስክር አይደለሁም» አለች ሸምሲያ በርበሬ እየሰፈረች። «ያ ጀሪካን ግን ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ከሱቄ ደጅ ይነሣልኝ።»

ረውዳ ስልኳን ይዛ ዓሣ አርቢዎች የሚሉትን አንድ በአንድ አየች። የባሕር ዓሣ ገንዳ ዋናው ነገር መስታወቱ አይደለም፤ ማጣሪያው ነው። ተሠርቶ የሚሸጠውን ማጣሪያ ዋጋ ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተናደደች። «በዚህማ በሬ ይገዛል። በሬ ቢያንስ ያርሳል!»

እናም በእጇ ባለው ጀመረች። የእናቷን አሮጌ የዕቃ ማሳያ መስታወት፣ ቬትሪናውን፣ ስንጥቁን በሲሊኮን ደፍና ገንዳ አደረገችው። በርሜሉን ያገኘችው ከጎረቤታቸው ከእትዬ የብርጓል ነው። የእትዬ የብርጓል ጠላ በከተማው የተመሰከረለት ነው፤ ጋን አጥቦ በማጠን የሚስተካከላት የለም። በርሜሉን በአጥር ላይ ስታቀብላት፣ «እናትሽ እንዳትቆጣ፤ ጠላ ያልነካው ነው» አለቻት።

በርሜሉ አናት ላይ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ፣ ከሥሩ በጨርቅ የታሰረ ከሰል፣ ከታች ደግሞ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ከተቆለለው የለቀመችው ቀይ ድንጋይ ገባ፤ ያ እንደ ዳቦ ውስጡ ቀዳዳ የሆነው፣ ትልቅ መስሎ ሲያነሡት የሚቀልለው። ለማሞቂያው ከተበላሸ የጫጩት መፈልፈያ ሙቀት መቆጣጠሪያውን ነቀለች፤ የማርቆስ ብርድ እንኳን የባሕር ዓሣ የደጋ በግም ያንቀጠቅጣል። ከደረቀ እስክሪብቶ ቀፎ ደግሞ የጨው መለኪያ ሠራች፤ ታቹን በሚስማርና በሰም ደፍና ከጂቡቲ በመጣው ውኃ ላይ አንሳፈፈችውና ውኃው የነካበትን ቦታ በጥፍር ቀለም አሠመረች። ውኃው በትነት ሲጎድል መስመሩ ከፍ ይላል፤ ያኔ ከጣሪያ የጠለቀችውን ዝናብ ትጨምርበታለች።

የቀረው ውኃውን የሚያሽከረክር ፓምፕ ነበር። ፓምፕ ያለው ደግሞ ሚንሃጅ ዘንድ ነው። ሚንሃጅ ከገበያው ጥግ ስልክና ሬዲዮ የሚጠግን፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚሰማው ልጅ ነው።

«ይቺ ከተሰበረ የሆቴል ፏፏቴ የወጣች ናት። ለምን ፈለግሻት?»

«ባሕር ልሠራ።»

ሳቀ። ገበያው ሁሉ ሰማ። «መርከብስ አላሠራልሽም?»

«መጀመሪያ የሰጡህን ስልክ ሠርተህ መልስ። ሰው ስልኩን አንተ ዘንድ ሲያኖር አደራ ሳይሆን ቀብር ሆኗል።»

ሳቁን ሳያቋርጥ ፓምፗን በስጦታ ሰጣት። ይሄ ይበልጥ አናደዳት።

ማጣሪያው ተተክሎ ውኃው መንሿሿት ሲጀምር የባሰው ሳቅ መጣ። ረውዳ ዓሣ ለሌለበት ውኃ በየቀኑ የደረቀ ዓሣ ዱቄት ቆንጥራ ትበትን ገባች። «የሸምሲያ ልጅ ለባዶ ውኃ ምሳ ታበላለች» ተባለ። እትዬ የብርጓል እንኳ አላስቻላትም።

«አንቺ ልጅ፣ ውኃው ይበላል ወይ?»

«ውኃው አይደለም እትዬ፤ ድንጋዩ ነው። ዓሣ የሚኖርበትን ውኃ ራሱ በሚጥለው ይመርዘዋል። ያንን መርዝ የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ እስኪራቡ ነው የምጠብቀው። እንደ እርሾ ይዩት፤ ሳይደርስ ቢጋግሩበት ምን ይሆናል?»

«አፍለኛ ይሆናላ!» አለች እትዬ የብርጓል፤ ነገሩ ገባት። «እርሾ ነው በይኛ! የድንጋይ እርሾ!»

ከወር በላይ ሲቆይ ድንጋዩ ቡናማ፣ የሚያዳልጥ ልግ ለበሰ፤ ውኃው ግን እንደ መስታወት ጠራ። አብዱልቃኒ ቃሉን ጠብቆ ሁለት ዓሦች ይዞ መጣ። እንደ ብርቱካን የቀሉ፣ ነጭ ቀለበት የታጠቁ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ። ረውዳ ገንዳው ፊት ተንበርክካ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ሲስቁ የከረሙት ሁሉ «ቅመም ልንገዛ ነው» እያሉ ጓሮ ድረስ ይዘልቁ ጀመር፤ ሸምሲያም ቅመም ሳይገዛ የሚወጣውን ሰው በዓይኗ ትቆጥረው ጀመር።

ሚንሃጅም በሳቁ መሃል ቀንቶ ኖሮ፣ አብዱልቃኒን ለምኖ በዚያው ጉዞ ውኃና አንድ ሸርጣን አስመጥቶ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሚንሃጅ ባዶ ጣሳ ይዞ ጓሮው በር ላይ ቆመ።

«አንድ ጣሳ ድንጋይ ስጪኝ።»

«ድንጋይ በመንገዱ ሞልቶ የለም?»

«የመንገዱ ባዶ ነው። ሕይወት ያለው ያንቺው ነው።»

«ስትስቅብኝ ከርመህ? ዓሣ ያቃተው ሸርጣን ያረባል! ሂድልኝ።»

ከአጥሩ ማዶ የእትዬ የብርጓል ድምፅ መጣ። «ረውዳ! እርሾ ይነፈጋል እንዴ? በኛ ቤት ባላንጣ እንኳ እርሾ ሊለምን ቢመጣ ባዶ እጁን አይሄድም!»

«እትዬ፣ ይሄ ሊጥ አይደለም፤ ድንጋይ ነው።»

«እርሾ ነው ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ?»

ረውዳ በገዛ አፏ ተያዘች። ጣሳውን ነጥቃ ሞላችው፤ ግማሹን እየረጨች አቀበለችው። «እንካ! ሸርጣንህ ሲሞት ግን ለቅሶ አልደርስም።»

ክረምቱ ወጣ። አብዱልቃኒ ደውሎ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እንደሚገባ ተናገረ። በዚያው ሰሞን አምበር ከተማ የዘመድ ሠርግ ነበርና ረውዳ ከእናቷ ጋር ለአንድ አዳር ስትሄድ የጓሮውን ቁልፍ ለእትዬ የብርጓል ሰጠች። «ቆንጥረው ምግብ ይስጧቸው፤ ሌላ ምንም አይንኩ» ብላ ነበር። እትዬ የብርጓል ግን ምንም አይንኩ ሲሏት ምንም የማትነካ ሴት አይደለችም።

በማግሥቱ ረውዳ የጓሮውን በር ስትከፍት መጀመሪያ የተቀበላት ሽታ ነው። የወይራ ጢስ። በርሜሉ በአፉ ተደፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። ድንጋዮቹ ሰሌን ላይ ተሰጥተዋል፤ ቀይ፣ ደረቅ፣ ጽድት ያሉ።

«እንኳን መጣሽ ረውዳዬ!» እትዬ የብርጓል በኩራት ብቅ አለች። «አጎትሽ ሊመጣ ያንን ጉድ ትተሽው ትሄጃለሽ? ድንጋዩ ልግ ለብሶ! እንዳታፍሪ ብዬ አንድ በአንድ በግራዋ ቅጠል አሸሁልሽ። በርሜሉንም በወይራ አጠንኩት። እይው እስቲ፣ የሠርግ ጋን አይመስልም?»

ረውዳ አንዱን ደረቅ ድንጋይ አንሥታ አገላበጠችው። ያ ምላጭ ምላሷ ከነቃሉ ጠፋ። የእትዬ የብርጓልን እጅ አየችው፤ በግራዋ አረንጓዴ ሆኗል፣ ሻካራው ድንጋይ ጣቶቿን ልጧቸዋል።

«እጅዎ ይባረክ እትዬ» አለች በቀጭን ድምፅ፤ ወደ ገንዳውም ሮጠች።

ዓሦቹ ውኃው ላይ አፋቸውን አውጥተው ቱፍ ቱፍ ይላሉ። ማጣሪያ ካጡ ማደራቸው ነው። ተጠባባቂ አድርጋ ያስቀመጠችውን አንድ ጀሪካን የባሕር ውኃ ሞቅ አድርጋ ከአሮጌው ቀይራ ጨመረችላቸው፤ ጥቂት ቀለል አላቸው። ግን እስከ መቼ? ጂቡቲ፣ ያ ማዶው የማይታየው፣ ከዓይኗ ሥር እንደ ጉም ሲበን ታያት።

እትዬ የብርጓል ከኋላዋ ቆማ ዓሦቹን አየች፣ ድንጋዩን አየች፣ የገዛ ጉንጯን በጥፊ አለችው። «በማርቆስ! እርሾውን ነው ለካ ያጠብኩት!»

ረውዳ ገንዳው ሥር ቁጭ አለች።

«ታዲያ ምን ይጎልትሻል? እርሾ ሲሞት ወደሰጡት ቤት ነው የሚኬደው! ያ የሸርጣን ጌታ አለ አይደል?»

«ሞቼ ነው ሚንሃጅን የምለምነው!»

«አንቺማ አትሞቺም። የሚሞቱት ዓሦቹ ናቸው።»

የሚንሃጅ ሱቅ ስልክ በሚያሠራ ሰው ተሞልቷል። ረውዳ ገብታ ቆመች።

«ምነው ዛሬ ሳትሰድቢኝ ገባሽ?» አለ። «አሞሻል?»

«ድንጋዬን ስጠኝ።»

«የተሰጠ ይመለሳል እንዴ?»

«የኔው ታጥቦ ሞቷል። ዓሦቹ እያጣጣሩ ነው።»

የሚንሃጅ ፊት ወዲያው ተለወጠ፤ እጁ ወደ ሳፋው ሄደ። አፉ ግን ነገሩን አልተወም። «‹እባክህ› በይ።»

ረውዳ ጣሪያውን አየች። «እባክህ።»

«አልሰማሁም፤ የሬዲዮው ድምፅ ነው።»

የተከፈተ ሬዲዮ አልነበረም።

«እባክህ ሚንሃጅ!» ብላ ጮኸች። «ሲመችህ ደግሞ ጆሮህን ጠግነው!»

ሱቁ በሳቅ ፈነዳ። ሚንሃጅ ግን ድንጋዩን እስከ መጨረሻው ከነውኃው ሳፋው ውስጥ ገልብጦ ጨርሶ ነበር። የራሱን የማጣሪያ ባልዲ ጭምር ነቀለ።

«ሸርጣንህስ?»

«እሱም ይመጣል። ድንጋዩን ትቶ የት ይኖራል?»

ሳፋውን ግራና ቀኝ ይዘው በገበያው መሃል ሮጡ። ሸርጣኑ ድንጋዩ አናት ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን እያወዛወዘ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስል ነበር። ውኃው ቀሚሷን አራሰው። ሽንኩርት ሻጮቹ «ምንድን ነው እሱ?» ሲሉ ሚንሃጅ በሙሉ ድምፁ፣ «እርሾ ነው! መንገድ ልቀቁ!» ይላል።

ባልዲውን ገጠሙት፣ ፓምፗን ሰኩ፣ ውኃው እንደገና ተንሿሿ። እትዬ የብርጓል እጇን ከነጠላዋ ውስጥ ደብቃ፣ «ምንም አልነካሁ፣ ምንም አልነካሁ» እያለች ዳር ቆመች። ሚንሃጅ ወደ ሱቁ አልተመለሰም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንደኛው ዓሣ ወደ ታች ወረደ፣ ከሸርጣኑ ጋር ተፋጠጠ። በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም ዓሦች ምግብ ጎረሱ። ረውዳ ያን ጊዜ ነው ከአምበር ከመጣች ወዲህ እህል የቀመሰችው።

የአብዱልቃኒ መኪና ጥሩንባ የተሰማው ቁርሷን ሳትጨርስ ነው። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ጓሮ ገባ። ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ።

«የኔዎቹ ናቸው? ሌላ ገዝተሽ እንዳይሆን?»

«ከየት? ከአማኑኤል ገበያ?»

«ይሄ የወይራ ሽታ ምንድን ነው?»

«ባሕር በጎጃም ደንብ እንደዚህ ነው የሚያዘው» አለች ረውዳ፤ እትዬ የብርጓልን በዓይኗ ጠቀሰቻት።

አብዱልቃኒ አገጩን አከከ። «እንግዲህ... በሚቀጥለው...»

«ሂድ ከዚያ!» ከሱቁ ውስጥ የሸምሲያ ድምፅ ደረሰ። «ወላሂ ብለሃል! እኔ ምስክር ነኝ!»

ጂቡቲ ሲደርሱ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነበር። አብዱልቃኒ የእህቱን ልጅ ባሕሩ ዳር አቁሞ ከጎኗ ሆኖ ፊቷን ይጠብቃል፤ ታለቅሳለች ወይ ትጮኻለች ብሎ። እሷ ግን ጫማዋን አወለቀች፣ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ያን የእስክሪብቶ ቀፎ አወጣች። በብርጭቆ ውኃ ቀዳችና አንሳፈፈችው። ውኃው የጥፍር ቀለሙን መስመር ልክ በልኩ ነካው።

«አይከፋም» አለች፤ ፈተና እንደሚያርም መምህር። «ልክ እንደኔው ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ቀና ያለችው። ማዶው አይታይም። ውኃው ወደ እግሯ መጣ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ መጣ። እውነትም ይተነፍሳል። ረውዳ ለሁለተኛ ጊዜ ቃል ጠፋት።

ስትመለስ ጎንበስ ብላ ቀዳዳ የበዛበት እርጥብ ድንጋይ አነሣችና ከነውኃው ጣሳ ውስጥ ከተተችው።

«ደግሞ ለማን ነው?»

«ለሚንሃጅ። የወሰዱትን እርሾ መመለስ ደንብ ነው» አለች፤ ቀጥላም፣ «ሳቅክ?»

«ኧረ እኔ አልሳቅሁም!»

«ሳቅህን ዋጠውና ጣሳውን ያዝልኝ። እንዳይደፋ።»