የመድፎቹ ልብስ ሰፊ

ፓርባቲ ራምከላዋን ሸራ ሰፊ ነበረች። ከጉያናዋ የወንዝ ዳር ከተማ ከባርቲካ ተነስቶ ወርቅ ፍለጋ ጫካ የሚገባ ሰው እሷ የሰፋችው ሸራ ሥር ሳያድር አይቀርም። ስፌቷ ድርብ ስለነበር ያ የጉያና ዝናብ እንኳ ቀዳዳ አያገኝበትም። ባሏ ከሞተ በኋላ ሱቁን የምታንቀሳቅሰው ከዩስማሪ ጋር ነው። ዩስማሪ ከአራት ዓመት በፊት ከቬንዙዌላ የመጣች፣ አፏም እጇም ፈጣን የሆነ ሴት ናት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሻለቃ ክሌርሞንት ፎርዳይስ ሙሉ የደንብ ልብሱን ለብሶ ሱቅ ገባ። ሻለቃው ከጦሩ ጡረታ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። በአገልግሎት ዘመኑም አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ብርድ ልብስና ቦት ጫማ ሲያድል ነበር። ጎረቤት ቬንዙዌላ ከኤሴኪቦ ወንዝ ወዲህ ያለውን ምድር ሁሉ የኔ ነው ብላ አዲስ ካርታ ስታወጣ ግን ባርቲካም፣ የፓርባቲ ሱቅም፣ የሻለቃው የማንጎ ዛፍም ካርታው ውስጥ ገቡ። ይሄኔ ሻለቃው የከተማዋን የዝግጁነት ኮሚቴ አቋቁሞ ራሱን ሊቀመንበር አደረገ።

«ፓርባቲ፣ አሥራ ሁለት የመድፍ ሽፋን እፈልጋለሁ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ልኩ ስንት ነው?»

«ምስጢር ነው።»

«ታዲያ በምስጢር ልክ ልስፋልዎት?»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ዩስማሪ ክር በጥርሷ እንደያዘች ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሻለቃው ዞሮ አያት።

«ይቺ ከዚያ ወገን አይደለችም እንዴ?»

«ከዚያ ወገን ናት። ጠርዝ የምታጥፍልኝም እሷ ናት። እሷ ከሌለች መድፍዎ ራቁቱን ይቀራል» አለች ፓርባቲ።

ሻለቃው ሌላ ምርጫ አልነበረውምና ሁለቱንም ወደ ኮሚቴው መጋዘን ወሰዳቸው። እዚያ አሥራ ሁለት አሮጌ ጋሪዎች ቆመዋል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ታስሯል።

«መድፉስ?» አለች ፓርባቲ።

«ይመጣል። እስኪመጣ ድረስ ግን ሚዛኑ መጠበቅ አለበት።»

«የምን ሚዛን?»

ወደ ሱቁ ተመልሰው ሻለቃው በመስፊያው ጠረጴዛ ላይ አስረዳት። ትልልቆቹን ጥቁር የክር ጥቅሎች በአንድ በኩል ደረደረ፤ እነሱ ጎረቤት ናቸው። በዚህ በኩል ሦስት ትንንሽ ነጭ ጥቅል አቆመ፤ እኛ ነን። ከጎናችን መቀስ፣ ካውያና አንድ እፍኝ ቁልፍ አስቀመጠ።

«መቀሱ ብራዚል ነው። በሁለት ወገን ስለሚቆርጥ እናከብረዋለን። ካውያው አሜሪካ ነው።»

«ካውያው ይተኩሳል?»

«ሲፈልግ ይግላል። ሶኬቱ ግን ሩቅ አገር ነው ያለው።»

«እነዚህ ቁልፎችስ?»

«የካሪቢያን ደሴቶች፣ ወንድሞቻችን።»

«ምን ያደርጉልናል?»

«ያወግዛሉ» አለ ሻለቃው በኩራት።

ዩስማሪ ጣቷን ዘርግታ ሁለት ቁልፎች ወደ ጥቁሩ ክር ጠጋ አደረገች። «እነዚህ ነዳጅ በርካሽ የሚገዙት ከኛ ነው።»

«እነሱ በጣም ያዝናሉ» አለ ሻለቃው፣ ቁልፎቹንም መልሶ መሃል ላይ አደረጋቸው።

ፓርባቲ ሥራውን የያዘችው ግማሹን ለአገሯ ብላ፣ ግማሹን ደግሞ ሻለቃው ሳያገኝ ከሱቋ እንደማይወጣ ስለገባት ነው። በሁለት ሳምንት አሥራ ሁለቱ ሽፋኖች አለቁ። ቧንቧዎቹ አረንጓዴ ሸራ ለብሰው በወንዙ ዳር ሲሰለፉ እውነትም ያስፈሩ ነበር። እሷ ራሷ እንኳ ስታልፍ ከአፈሙዙ ፊት ራቅ ብላ ሄደች። ከሦስት ወዳጅ አገሮች የመጡ መኮንኖች ሰልፉን አይተው አጨበጨቡ፤ ከሩቅም ፎቶ አነሱ። ሻለቃው ምስጢር ነው ብሎ ማንንም ከሃምሳ ሜትር አልፎ እንዲጠጋ አልፈቀደም።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ከወዳጆቹ አንዷ ለባርቲካ አንድ ፈጣን ጀልባ ልትሰጥ አስባ ኖሯል። ጀልባው የወንዝ ወንበዴ ሊያባርር፣ ሲያስፈልግም በሽተኛ ሊያደርስ ነበር። አሁን ግን ከተማዋ ያላትን የከባድ መሣሪያ ብዛት በማየት ጀልባው ደካማ ለሆነ ሌላ ቦታ እንዲሰጥ እየታሰበ መሆኑን፣ በመጪው ወር በሚደረገው ሁለተኛ ጉብኝት እንደሚወሰን ደብዳቤው በትህትና ያስረዳል።

በዚያው ሰሞን የዩስማሪ እናት ድንበሩ ላይ ካለው ከኩዩኒ ወንዝ ማዶ ደወሉ። ዩስማሪ ስልኩን ዘግታ መርፌዋን ሳታነሳ ቀረች። የዩስማሪ እጅ ሥራ ሲፈታ ፓርባቲ ይጨንቃታል።

«ምን ሆነሻል?»

«የባርቲካን አሥራ ሁለት መድፍ ለመመከት ተብሎ ሠላሳ ወታደር መጥቶ እናቴ ግቢ ሰፍሯል፣ አክስቴ። ዶሮዎቹ በድንጋጤ እንቁላል መጣል አቁመዋል። እናቴ 'እዚያ ያሉት ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው መድፍ የሚያግተለትሉት?' አለችኝ።»

«አንቺ ምን አልሻት?»

«ምን ልበላት? የሰፋሁት እኔ ነኝ ልበላት?»

ፓርባቲ የያዘችውን ሸራ አስቀመጠች። ዕድሜ ልኳን የሰፋችው ነገር ሰው ከዝናብ ሲያስጠልል እንጂ የሰው ግቢ ወታደር ሲያስገባ አይታ አታውቅም። በዚያ ቀን ምሳም ሳትበላ ዋለች።

ሻለቃው ተመልሶ ሲመጣ እንደ መጀመሪያው አልተንጎራደደም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ፓርባቲ፣ መድፎቹ ያረጁ መምሰል አለባቸው።»

«ትናንት እኮ ነው አዲስ ያደረግኋቸው!»

«ለወዳጅ ነው ያረጁ የሚመስሉት። ጀልባውን እንዲሰጡን ማሳዘን አለብን። ለጠላት ግን አዲስ ናቸው።»

«ሻለቃ፣ ሸራ እኮ ነው። ሁለት ምላስ የለውም።»

«ሁለት ጎን ግን አለው አይደል? ጠላት የሚሰልለው በወንዙ በኩል ነው። እንግዶቹ ደግሞ በሄሊኮፕተር አርፈው በመኪና ስለሚመጡ በመንገዱ በኩል ነው የሚያዩት።»

ፓርባቲ እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ጀልባው ትዝ አላት። ባለፈው ክረምት ጎረቤቷ ወይዘሮ ዌቭኒ ምጥ ይዟት ጣሪያ በሌለው ጀልባ፣ ዝናብ እየወረደባት ነው ወደ ሆስፒታል የሄደችው። «እሺ፣ ያምጧቸው» አለች።

እሷና ዩስማሪ መጀመሪያ ፊታቸውን ቋጥረው ጀመሩ፤ በሦስተኛው ሽፋን ላይ ግን ሥራው ጣማቸው። በመንገዱ በኩል ያለውን ጎን በዱቄት ጆንያ፣ በተቀደደ ጃንጥላና በአሮጌ መጋረጃ እየጣፉ ድሪቶ አደረጉት። ዩስማሪ አበባ ያለበትን ያለቀ ቀሚሷን ቆርጣ አንዱ አፈሙዝ ላይ ሰፋችው።

«ይሄኛው ጡረታ የወጣ ነው» አለች።

«ኧረ በዛ! መድፍ ነው ወይስ ሙሽራ?»

«ያሳዝናል አይደል?»

«እኔን በጣም ነው ያሳዘነኝ» አለች ፓርባቲ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች።

የጉብኝቱ ቀን ደመናው ዛፍ ላይ ወርዶ ሄሊኮፕተሩ መነሳት አልቻለም። እንግዶቹ እስከ ፓሪካ ወደብ በመኪና፣ ከፓሪካ በፈጣን ጀልባ መጡ፤ በወንዙ በኩል ማለት ነው። ሻለቃው በመንገዱ ዳር አበባ ይዞ ሲጠብቅ የሞተር ድምፅ ከኋላው ሰማ። ዞሮ ሲያይ የልዑኩ መሪ፣ ረጅሟ ኮሎኔል፣ ጀልባው ላይ ቆማ በሩቅ ማያ መነጽር አዲሱን አረንጓዴ ሸራ እያየች ነው።

ሻለቃው አበባውን እንደያዘ ሮጠ። ዕድሜውና ቦርጩ በፈቀደለት መጠን ማለቴ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ! በዚህ በኩል ይምጡ እባክዎ! ጉዳታችን የሚታየው በዚህ በኩል ነው!»

«በጣም ደስ ይላል» አለች ኮሎኔሏ። «ካለፈው ጊዜ እንኳ የተሻሉ ናቸው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብለው ቢያዩልን!»

ኮሎኔሏ ሰዓቷን አየች። ለባርቲካ የተመደበው አርባ ደቂቃ ነበር፤ ከእሱም ሃያው ለፎቶ ነው። ከአዲሱ ሸራ ፊት ተሰልፈው ፎቶ ተነሱ፣ «ከጎናችሁ ነን» አሉ፣ ጀልባቸው ላይ ተሳፍረው ሄዱ።

በዚህ መሃል በመንገዱ በኩል ኢምፓናዳ የሚባለውን የአገሯን ሳምቡሳ የምትሸጥ አንዲት የቬንዙዌላ ሴት አበባማ ቀሚስ የለበሰውን መድፍ በስልኳ ቀርጻ ለዘመዶቿ ላከች። በማግስቱ የማዶው ቴሌቪዥን ሲያሳየው ዋለ። በሦስተኛው ቀን የዩስማሪ እናት ደወሉ፤ ዩስማሪም ፓርባቲ እንድትሰማ ስልኩን ከፍ አደረገችው።

«ሄዱልኝ!» አሉ እናትየው። «ድሪቶ ለለበሰ መድፍ ሠላሳ ሰው አያስፈልግም ተብለው ተጠሩ። ዶሮዎቼም መጣል ጀመሩ። ብቻ ያ እንጨት የሚፈልጥልኝ አሥር አለቃ መሄዱ ከፋኝ። ባለጌ አልነበረም።»

እሁድ ዕለት ሻለቃው ገበያው መሃል ሳጥን ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ። «ኃይላችንን አይተው ሸሹ!» አለ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ፓርባቲ ስለ ዶሮዎቹ ብላ አጨበጨበች። ጭብጨባው ሲያልቅ ግን እጇን አላወረደችም።

«ሻለቃ፣ ጀልባውስ?»

«ጀልባው... በዲፕሎማሲ ተይዟል።»

በማግስቱ ፓርባቲ ራሷ ለኮሎኔሏ ጻፈች። መድፍ የለንም፣ አሥራ ሁለት ቧንቧ ነው ያለን፣ የሰፋኋቸው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ፣ ጀልባውን ስጡን አለች። መልሱ ከወር በኋላ ማኅተም ታትሞበት መጣ። ስለ ቧንቧዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚታወቅ መሆኑን፣ ይሁን እንጂ በአካባቢው የኃይል ሚዛን ሰነድ ውስጥ መድፍ ተብለው ከገቡ በኋላ ማውጣት እንደማይቻል ይገልጻል። ጉዳዩ ምስጢር ስለሆነም ለሌላ ሰው እንዳትናገር ያሳስባል። ጀልባውን በተመለከተ ከአዘኔታ በቀር የተጻፈ ነገር የለም።

ፓርባቲ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ መቀሷን አነሳች። እሷ፣ ዩስማሪና ወይዘሮ ዌቭኒ በጠራራ ፀሐይ ወንዝ ዳር ወርደው አሥራ ሁለቱን ሽፋን አንድ በአንድ ገፈፉ። ሰው ቆሞ አየ፤ ግማሹም መጥቶ አገዘ። በአራት ቀን ውስጥ ወይዘሮ ዌቭኒን በዝናብ ያደረሰው ያ የከተማዋ አሮጌ ጀልባ ከፊት እስከ ኋላ ከመድፎቹ ሸራ ድርብ ጣሪያ ተሠራለት።

ሻለቃው ይህን ሰምቶ እየተንገበገበ ሱቅ ገባ።

«ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ? የአካባቢውን ሚዛን አናጋሽው!»

«ምሳ በልተዋል?»

«ጠላት ቧንቧዎቹን ሊያይ ነው እያልኩሽ!»

«ትኩስ ሮቲ አለ። ይቀመጡ።»

ሻለቃው ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ። ዩስማሪ የሮቲውን ቂጣ በሳህን አቀረበችለት። እየበላ እያለ እሱም በተራው አዲስ ካርታ ሊሥል እርሳስ ጠየቃት፤ እሷም ሰጠችው።