ጫማ አስወላቂዋ ሞሪስ

«ጫማሽን!» ብለው ጮኹ አቶ ሸዋንግዛው። ሙሽራዋ ሳያት አንድ እግሯን መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ነበር፤ ቬሎዋን እንደሰበሰበች ቀጥ አለች።

ሳያት አንድ ልጃቸው ናት። የልጅ ወጉን ያየችው ግን ሞሪሷ ነች፤ ከአንድ ተሰናባች ሚሲዮናዊ የገዟት ትንሽዬ የእንግሊዝ መኪና። ጠዋት ማታ ይወለውሏታል። «የእንግሊዝ እጅ እኮ ነው! የዛሬዎቹ ቆርቆሮ ናቸው» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ያደነቁራሉ። የሰፈሩ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ሰው ሁሉ ሲደሰት፣ እሳቸው ባሌስትራዋን ይሰብርብኛል ብለው ቀበሌ ድረስ አቤት ያሉ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ከበቡሽ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከሐይቁ ዳር ገበያ ከአሞራ ገደል ዓሣ ተሸክመው በእግራቸው ይመጣሉ። ወንበሯ ይሸታላ! ወይ መኪና!

የሙሽራው የአልአዛር ቤተሰቦች መኪና እንከራይ ሲሉ፣ «የሸዋንግዛው ልጅ በኪራይ መኪና አትዳርም!» ብለው ሽማግሌ ፊት ደረታቸውን የነፉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ደግሞ ቀለሟን ይልጣል ብለው ሪባኑን አስፈቱ። ሚዜዎቹንም ከባድ ናችሁ ብለው በእግር ሰደዱ።

«አባዬ፣ በባዶ እግሬ ልዳር?» አለች ሳያት።

«ስትደርሺ ታደርጊዋለሽ። ሚኒስትርም ቢመጣ አስወልቀዋለሁ!»

ሚኒስትር! የቀበሌ ሊቀመንበር እንኳ ገብቶባት አያውቅም።

አልአዛር ምስኪኑ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። «ግድ የለም ሳዩ፣ አባባ እንዳሉ ይሁን።»

«ተው፣ እሰረው» አለችው ሳያት። እግሯን መልሳ አወጣች። ኩሏ እንዳይበላሽ እንባዋን ዋጥ አደረገች።

«አንቺ ከበቡሽ፣ ልጅሽን ምከሪ እንጂ!» አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

ወይዘሮ ከበቡሽ መሬት የወደቀውን ሪባን አንስተው፣ እያነከሱ መንገድ ዳር ወጥተው አንድ ባጃጅ አስቆሙ። ሪባኑን መስተዋቱ ላይ በገዛ እጃቸው አሰሩ። ሙሽሮቹን አስገብተው አጠገባቸው ተቀመጡና ወደ ባላቸው ዞሩ።

«እንግዲህ እሷን ይዳሯት!»

ባጃጁ በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነጎደ።

አቶ ሸዋንግዛው ባዶ መኪናቸውን ይዘው ቀሩ። አሁንም በመኪናዋ ቢከተሏቸው ይደርሱ ነበር። ጎንበስ ብለው ወለሉን አዩ፤ የሳያት ተረከዝ ምልክት ትቶበታል። መሐረባቸውን አውጥተው ሙልጭ አድርገው ጠረጉት። ከዚያ በሯን ሁለት ጊዜ ነካክተው መቆለፉን አረጋገጡ፤ ሰርገኛው ያስነሳው አቧራ እንዳያርፍባትም ሸራዋን አለበሷት። ልጃቸው ወደምትዳርበት በእግራቸው አዘገሙ።