የጫጩቷ እግር

ልብስ ሰፊው ዘጠኝ ዓመት የሞላትን ልጁን «ጭራሮ» ይላታል፤ የሰፋላት ቀሚስ ሁሉ ሁለት እሷን የሚይዝ ስለሚመስል ነው። በዚያ የትምህርት ቤት እረፍት እሱ ከስፌት መኪናው፣ እሷ ከመስኮቱ አልነሳ አሉ። ከመስኮቱ ማዶ፣ በጓሮው በኩል ካለው የጣሪያ ጠርዝ ስር፣ ጥንድ ድንቢጦች ጎጆ እየሠሩ ነበር። ጭራሮ በስንት ሰዓት ምን ይዘው እንደገቡ በደብተሯ ትጽፋለች። «ሳር። ሳር። ላባ። ምንነቱ ያልታወቀ።»

አንድ ቀን «አባባ፣ ክር ብንሰጣቸውስ?» አለች።

«ለሰው ስሰፋ ኖሬ አሁን ደግሞ ለወፍ ልጀምር?» አለ አባቷ፤ እጁ ግን ወዲያው መሳቢያው ውስጥ ገባ። ለሚያከብረው ደንበኛ ብቻ የሚያወጣውን ቀይ የናይለን ክር በክንድ በክንድ ቆረጠላት። «ይኼን ስጫቸው። ቢጎትቱት አይበጠስ፣ ቢዘንብበት አይበሰብስ።»

ድንቢጦቹ አንድም ሳያስቀሩ ወሰዱት። ጭራሮ አንድ ሙሉ ገጽ «ቀይ» እያለች ሞላች።

ክሩ በተሰጠ በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ጭራሮ አንዲት ጫጩት ከጎጆው አፍ ቁልቁል ተንጠልጥላ አየች። ክንፏን ታርገበግባለች፤ አትበር፣ አትወድቅ። እግሯ ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሟል። እናትየዋ አጥሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እየዘለለች ትንጫጫለች።

አባቷ መሰላሉን አቁሞ ወጣ። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች መለሰ፣ ከዚያ ባዶ እጁን ወረደ። ክሩ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ቀይ በቀይ ሆኖበታል። ከዓመት ወዲህ መርፌ ላይ ክር የምታስገባለትም ጭራሮ ነበረች።

«ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ» አለና የስፌት መተርተሪያውን ሰጣት። «እኔ መሰላሉን ይዣለሁ።»

«ብቆርጣትስ?»

«ሐር የምትተረትሪ ይምሰልሽ። ጫፉን ከክሩ ስር አስገቢና ወደ ላይ ብቻ ሳቢ። ወደ ሥጋዋ እንዳትጫኚ።»

ጫጩቷ መዳፏ ውስጥ ገባች፤ ልቧ ከስፌት መኪና ይፈጥናል። አንዱ ዙር ተቆረጠ። ሁለተኛው ላይ ደም አየችና እጇ ቆመ።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው ብቅ አለች። «ጋሼ፣ የባሌን ሱሪ ለዛሬ ብለውኝ አልነበር? ደግሞ ልጅቷን ምን ልትሰርቅልዎ ነው የሰቀሏት?»

«ቀዶ ጥገና ላይ ነን፤ ነገ ነይ» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከላይ ሳይነቅል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስንት ዙር ቀረሽ?»

«አንድ።»

«በይ ትንፋሽሽን ዋጥ አርጊና ጨርሺው፣ የኔ ጭራሮ።»

ጨረሰች። ጫጩቷን ወደ ጎጆው መለሰች፤ ያገኘችውን ክር ሁሉ እየቆረጠች አወጣች።

ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጡ። አባቷ መኪናውን አልነካም። እናትየዋ ድንቢጥ ግን ሳትመለስ ቆየች።

«ስለነካኋት ትታት ይሆን?» አለች ጭራሮ፣ እንባዋ እየመጣ።

«ክሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለ አባቷ። «የምትቀየም ከሆነ እኔን ትቀየም።»

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል እናትየዋ አባጨጓሬ በአፏ ይዛ መጣች፤ ጣሪያው ጠርዝ ላይ አረፈች፣ ግራ ቀኝ አየችና ገባች። አባቷ የጭራሮን ትከሻ ያዝ አደረገ። ጫጩቷ በሳምንቱ አንድ ጣት ጎድሏት በረረች። ጭራሮ ግን ከማግስቱ ጀምራ የየጎረቤቱን አጥር እየዞረች የተጣለ ክርና ሲባጎ ትለቅም ነበር።

ለቀማው አላቆመም። ዛሬ አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሥራዋ ሐይቅ ዳር የተጣለ የዓሣ መረብ መሰብሰብ፣ የተጠለፉ ወፎችን መፍታትና ዓሣ አጥማጆችን አሮጌ መረብ ትተው እንዳይሄዱ መለማመጥ ነው። ከሥራ ስትወጣ አባቷ ይደውላል።

«ዛሬስ?»

«ስምንት ፈታን። አንዷ ግን እጄ ላይ ሞተች፣ አባባ።»

ሽማግሌው ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ይሰማታል።

«እስቲ ስለ ሰባቱ ንገሪኝ» ይላል ኋላ። «ከመጀመሪያዋ ጀምሪ፤ ችኮላ የለብኝም።»