ጉሮሮውን ያልጠረገው ሰው

«ይኼ ጉንፋን አይደለም» አለች ጆሮ የሚሏት የሬዲዮ አዳማጭ፣ ማዳመጫዋን በሁለት እጇ ጫን አድርጋ።

ሻለቃው ከኋላዋ ቆሞ የካርታውን ጠርዝ በእስክሪብቶ ይመታል። የሬዲዮ ጠለፋ የሚሠራባት የቆርቆሮ ክፍል በቀትሩ ፀሐይ ምድጃ ሆናለች። ማራገቢያውን ያጠፋችው ራሷ ጆሮ ናት፤ ድምፁ ይረብሻታል።

«መጠሪያው የእሱ፣ ሞገዱ የእሱ። አቅጣጫ መፈለጊያው ቤቱን ሳይቀር አሳይቶናል። ምን ቀረሽ?»

«ሰውየው።»

ጥግ የተቀመጠው የመሣሪያው ባለሙያ ሳቁን ዋጠ።

የሚያድኑትን የታጣቂዎች አዛዥ ጉንፋን ያሉት እነሱው ናቸው። ስሙን ሳያውቁ ጉሮሮውን አወቁት፤ ሬዲዮውን ይጫናል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ይናገራል። ጆሮ ክረምቱን ሙሉ ስትሰማው ከርማለች። ሲቆጣም ሲስቅም ይጠርጋል። ዛሬ አንድም ጊዜ አልጠረገም።

«ድኖ ይሆናላ!» አለ ሻለቃው። «ሰው ከጉንፋን አይድንም እንዴ?»

«ይድናል። ግን ሁለት ቃል ተናግሮ የሚዘጋ ሰው ስለዳነ ብቻ ወሬኛ አይሆንም። ይኼኛው እኮ ወሬ አላቋርጥ ብሏል። ጉንፋን ሬዲዮውን ለሌላ አስይዞ ሳሩን እያሳየን ነው፤ ገደሉን ኮማንዶዎቹ ያዩታል።»

«ኮማንዶዎቹ ከግቢው ሥር ተኝተው እየጠበቁሽ ነው። ተረጋግጧል በያቸው።»

ያቺን ቃል ያዳመጠው ሰው በገዛ ድምፁ ካላለ ቡድኑ ከተኛበት አይነሳም። የሥራው ደንብ ነው።

«አልልም።»

«ትእዛዝ ነው!»

«ሂዱ ማለት የእርስዎ ነው፣ ሻለቃ። ሰማሁት ማለት ግን የእኔ ነው። አልሰማሁትም።»

ሻለቃው ማይክሮፎኑን ከፊቷ አነሳ። «ተረጋግጧል። ቀጥሉ።»

ከወዲያ በኩል የኮማንዶዎቹ ቡድን መሪ ሹክሹክታ መጣ።

«ይቅርታ ሻለቃ፣ ጆሮ የት ሄደች?»

«እዚሁ አለች።»

«እንግዲያው እሷ ትበለኛ። የሰው ልጅ ይዤ ነው የተኛሁት።»

ሻለቃው ማይክሮፎኑን ዘረጋላት፤ ግን አልለቀቀውም። «ነገ እዚህ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሊቀመጥ ይችላል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጆሮ ወንበሩን አየችው። አንዱ እግሩ በታጠፈ ካርቶን ተደግፏል።

«ይቀመጥበት። ካርቶኑን እንዳይረሳ ብቻ ይንገሩት፤ ወንበሩ ይጥለዋል።»

ማይክሮፎኑን ሳብ አድርጋ ወሰደችው።

«እህቴ፣ አለሽ?»

«አለሁ። አልተረጋገጠም። ከተኛችሁበት እንዳትነሱ፣ ወንድሜ።»

ሻለቃው በሩን በርግዶ ወጣ። እሷ ዞራም አላየችው። ማዳመጫዋን አስተካክላ ሌሎቹን ሞገዶች አንድ በአንድ ማሰስ ጀመረች። ጉንፋን የትም ይሁን የት፣ መናገሩ አይቀርም፤ ከመናገሩ በፊት ደግሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል።