በለስላሳ ጠርሙስ የመጣው በረኪና

የግቢው ሰው «ዘበኛዋ» ይላታል። ስሙ የወጣላት መቀሷን ከጣሪያው ስር ምስማር ላይ ስለምትሰቅል፣ መርፌዎቿን በቆርቆሮ ስለምትቆልፍ፣ ሶኬቱን በቁም ሳጥን ስለጋረደች ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። የምትሰፋውም የምትኖረውም አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ በዚያ ላይ ልጅ አለቻት፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት። ልጅቷን ፌንጣ ይሏታል፤ እዚህ ናት ሲሏት እዚያ።

«ልጅ በእግዜር ነው የሚያድገው እንጂ በቁልፍ አይደለም» ይላሉ አማቷ።

«እግዜርም ቁልፍ አይጠላም፣ እማማ» ትላቸዋለች፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

አማቷ የሚኖሩት ግድግዳ ተጋርተው ጎን ካለው ክፍል ነው። ስድስት ወልደው ያሳደጉ፣ በግቢው ውስጥ ቃላቸው መሬት ጠብ የማይል ሴትዮ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አማቷ ደጅ ላይ ነጭ አንሶላ ያጥባሉ። በረኪናውን የገዙት ከጥጉ ሱቅ ነው። ባለሱቁ በትልቅ ጀሪካን ያመጣና ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ እየገለበጠ ይሸጣል፤ የሎሚ ለስላሳው ሥዕል እንኳ አልተላጠም። አማቷ ጠርሙሱን ከመዘፍዘፊያው አጠገብ አስቀምጠው አንሶላውን ሊያሰጡ ዞር አሉ።

እናትየዋ ከስፌት መኪናዋ ጩኸት መሃል ሳል ሰማች። የጉንፋን ሳል አልነበረም። ጨርቁን ጥላ ስትወጣ ጠርሙሱ ተጋድሟል፣ የፌንጣ ቀሚስ ደረቱ ድረስ ርሷል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

አማቷ ቀድመዋታል። ልጅቷን ጉልበታቸው ላይ ደፍተው ጣታቸውን ወደ ጉሮሮዋ እየሰደዱ ነበር። «ታስመልስ! ወተት አምጡ፣ ወተት!»

«እማማ፣ ጣትዎን ያውጡ!»

«ምን አልሽ?»

«ያውጡ አልኩ! ሲወርድ ያቃጠላት አንሶ ሲመለስም ያቃጥላት?»

ልጇን ከእጃቸው ነጠቀች። ጎረቤቷ በኩባያ ወተት ይዛ ስትደርስ በክርኗ ገፋቻት፤ ወተቱ አማቷ ቀሚስ ላይ ተደፋ። ግቢው በአንድ ላይ «ውይ!» አለ።

«አብዳለች» አለ አንዱ።

እሷ ማንንም አልሰማችም። የልጅቷን አፍ በውሃ አጉመጥምጣ አስተፋቻት፣ ከንፈሯን ጠራረገች፣ የራሰውን ቀሚስ አውልቃ ደረቷን አጠበች። ከዚያ የተረፈውን በረኪና ከነጠርሙሱ ከድና አንጠለጠለች።

«አሁን ጠርሙሱ ምን ያደርግልሻል?» አለች ጎረቤቷ።

«ምን ጠጣች ይሉኛል። ‹አንድ የሚሸት ነገር› ልበላቸው?»

እንዳታስመልስ፣ ወተት እንዳትሰጥ፣ ዕቃውንም ይዛ እንድትሄድ የሰማችው ልጇን ባስከተበችበት ቀን ነው። ነርሷ ስታስተምር የሌሎቹ እናቶች ልጆች ያለቅሱ ስለነበር ከእሷ በቀር ማንም አላዳመጠም። ፌንጣ በሕይወቷ ለአንዴ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ጤና ጣቢያ ሐኪሙ ጠርሙሱን አሸተተ፣ የልጅቷን አፍ በባትሪ አየ። «አስመልሳለች?»

«ሊያስመልሷት ሲሉ ከለከልኩ። ወተትም አልሰጠኋትም።»

«ደግ አደረግሽ። አፏ ቀልቷል እንጂ ወደ ውስጥ ብዙም አልገባም። እዚሁ እናያታለን።»

ከሰዓት በኋላ ፌንጣ ውሃ በትንሽ በትንሹ መዋጥ ጀመረች፤ ቀጥሎም የሐኪሙን ማዳመጫ ካልያዝኩ ብላ ተንጫጫች። «መዋጥ ካቃታት፣ ለሃጭ ከበዛባት ወይ ትንፋሽ ካጠራት ሳትውይ ሳታድሪ መልሻት» ብሎ አሰናበታቸው።

ቤት ስትደርስ የአማቷ በር ተዘግቷል። አውቶቡስ ነጂው ባሏ ከሥራ ተጠርቶ መጥቷል። ልጁን አቅፎ አገላብጦ ሳመና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴን ሰው ፊት አዋርደሻታል እያሉ ነው። ይቅርታ በያት፣ ይለቅ።»

«ለጩኸቴና ለቀሚሳቸው ይቅርታ እላለሁ። ልጄን ስለነጠቅኩ ግን አልልም። ነገም ቢሆን እነጥቃለሁ።»

ፌንጣን አዘለች፣ ጠርሙሱን ያዘች፣ ወደ ሱቁ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይሄ ያንተ ነው?»

ባለሱቁ ቀና ብሎ አያት። ወሬው ቀድሟት ደርሷል። «በረኪናዬ ቤትሽ ድረስ ሄዶ ልጅሽን አልጠራትም። ልጅሽን ጠብቂ!» አለና ወደ ደንበኞቹ ዞረ። «ዘበኛዋ ዛሬ እንቅልፍ ጥሏት ነው።»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም።

«ዘበኛ መሆኔን አልክድም። አንተ ግን ሌባውን የቤተሰብ ልብስ አልብሰህ ነው የላክህብኝ። በምን ልለየው?» ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ ዱም አድርጋ አስቀመጠች። «በዚህ ጠርሙስ መሸጥ እስክታቆም እዚሁ ቆሜ ለሚገዛው ሁሉ እናገራለሁ። ከፈለግክ ፖሊስ ጥራ።»

«ውጪ ከሱቄ!»

«አልወጣም።»

«አትወጣም!» አለ ከኋላ ሌላ ድምፅ።

አማቷ ናቸው። ቀሚስ ቀይረዋል፤ ምራታቸውን ግን በዓይናቸውም አላዩዋት።

«እማማ፣ እርስዎን አዋርዳ ደግሞ ለሷ...» አለ ባለሱቁ።

«እኔና እሷ ተኳርፈናል፤ እሱ የቤታችን ገመና ነው፣ አንተን አይመለከትህም። አንተን የሚመለከትህ ይሄ ጠርሙስ ነው። ገዝቼ የልጅ ልጄ አጠገብ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ለውሃ ጥም የሸጥክልኝ እስኪመስል ድረስ! ስማ፣ ይሄ ነገር ካልቀረ ከግቢያችን አንድ ሰው ደጅህን ቢረግጥ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከሳቁት አንዷ የገዛችውን ጠርሙስ መልሳ ባንኮኒው ላይ አኖረች። ባለሱቁ አጉረመረመ፣ ተሳደበ፣ ለጥቂት ቀናትም ግትር አለ። ግቢው ግን ለሳሙናም ለክብሪትም ሌላ ሱቅ መሄድ ሲጀምር ጀሪካኑ ጠፋ፤ ከላይኛው መደርደሪያም ከፋብሪካ የታሸገ፣ የአደጋ ምልክት ያለበት በረኪና ተደረደረ።

የአማቷ ኩርፊያ ግን ከዚያም በኋላ ሰነበተ። አንድ ቀን ሚዶ ይዘው በሯ ላይ ቆሙ።

«ስድስቱንም በጣቴ ነው ያስመለስኳቸው፤ አንዱም አልሞተብኝም» አሉ፣ ያለ ሰላምታ።

«ዕድልዎ ነው፣ እማማ።»

«ዕድል አይደለም፣ እጄ ነው።»

«እንግዲያው እጅዎ ለፀጉሯ ይሁን፤ ጉሮሮዋን ለሐኪም ይተዉልኝ።»

አማቷ ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፣ ተዉት። ገብተው ተቀመጡና ፌንጣን ጉልበታቸው መሃል ሸጎጧት። ግማሽ ራሷን ተሠርታ ሳትጨርስ አምልጣ ወደ ደጅ በረረች።