ኔሊዳ ተራ ስትጠብቅ

ኔሊዳ በእርዳታ ቢሮው መስኮት ተቀምጣ ዳልማን በቀድሞ የወንድ ስሟ ጠራቻት። ያውም በድምፅ ማጉያ። ያንን ስም እኔ አልጽፈውም። ዳልማ ሴት ሆና መኖር ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ መታወቂያዋም ላይ ዳልማ ነው የሚለው። መታወቂያው ደግሞ ኔሊዳ እጅ ላይ ነበር፣ ማንበብም ታውቃለች።

አዳራሹ ዞሮ አየ። ዳልማ ግን አልተነሳችም።

"የለም ማለት ነው። ቀጣይ!" አለች ኔሊዳ፣ ዐይን ዐይኗን እያየቻት።

ዳልማ በሄደች ቁጥር ይኸው ነበር። የምትመላለስበት የምግብ እርዳታ ካርድ ሳይሰጣት ቀረ። ሳንባዋን የምትታመም ሴት መድኃኒቷን በማቴ ሻይና በደረቅ ዳቦ ስታወራርድ ከረመች። ወንድ ተብለን ተመዝግበን ሴት ሆነን የምንኖር የኮሪየንቴስ ከተማ ልጆች ሁላችንም በዚያ መስኮት ተዋርደናል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ያዝኩ።

በከተማችን በየዓመቱ በአደባባይ ለሚጨፈርበት ለካርኒቫል በዓል ልብስ የምንሰፋው እኛ ነን። የዚያ ዓመት የካርኒቫል ንግሥት ደግሞ የኔሊዳ ልጅ ነበረች። በጀርባዋ የምትሸከመው የላባ ክንፍ ግማሹ ተሠርቶ እኔ ቤት ግድግዳ ተደግፎ ነበር።

ሰፊዎቹን ሁሉ ቤቴ ሰበሰብኩ።

"መርፌ አስቀምጡ። ቢሮው ሁላችንንም በስማችን እስኪጠራን አንድ ላባ አይሰፋም" አልኳቸው።

"ክንፉን እናቃጥለው" አለች ሉድሚላ።

"አንቺ ደግሞ እሳት ትወጃለሽ። ለተቃጠለ ነገር ማን ይለምናል? እንዳለ ይቁም።"

"ካርዱን ጨርሳ ብትከለክለኝስ?" አለች ዳልማ።

"ያኔ ልጇ ራቁቷን ትጨፍር።"

የጭፈራ ቡድኖቹ አለቆች እየመጡ ለመኑን፤ ወደ መስኮቱ ሂዱ አልናቸው። በመጨረሻ ራሷ ኔሊዳ መጣች። ደጄ ላይ ወንበር ደርድረን ነበር።

"ተራ ይጠብቁ" አልናት። የሌሎች ጨፋሪዎች እናቶችም አጠገቧ ተቀምጠዋል።

ሉድሚላ ከሙዚቀኞቹ የተዋሰችውን ማጉያ አነሳሁ። "አቶ ኤቫሪስቶ!" የኔሊዳ ባል ስም ነው። ንቅንቅ አላለችም።

"የለም ማለት ነው። ቀጣይ!"

"ኧረ ተይ ራሞና፣ የካርኒቫሉ ሰልፍ እኮ ቅዳሜ ነው" አለች ኔሊዳ።

"በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ እሜቴ።"

ደግሜ ጠራሁ። ሴቶቹ በመዳፋቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ኔሊዳ ፊቷ ቀልቶ በባሏ ስም ተነሳች። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

"ምን ላድርግ?" አለች ቀስ ብላ።

"ነገ ጠዋት፣ በማጉያ፣ ዳልማን በስሟ። ከእሷም በኋላ የምንመጣውን ሁሉ በስማችን።"

በማግስቱ የቢሮውን አዳራሽ እኛው ሞላነው።

"ዳልማ" አለች ኔሊዳ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ዳልማ እግሯን አነባብራ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ ታያለች።

"ዳልማ ሮሜሮ!"

"ተነሺ እንጂ፣ ካርዱ እኮ ነው" አልኳት ጆሮዋ ላይ።

"አልሰማሁም" አለች።

ኔሊዳ ከወንበሯ ተነሳች። አፏን ማጉያው ላይ ለጥፋ "ወይዘሪት ዳልማ ሮሜሮ!" ስትል ድምፅዋ መንገድ ላይ ተሰማ። ዳልማ ያኔ ሳል አለችና ቀሚሷን አስተካክላ ተነሳች፤ እስከ መስኮቱም እጅግ ቀስ ብላ ሄደች።